ድዱ ሲደማ ብሩሹን አታስቀምጡ፦ የትንንሽ ልጆችን ጥርስና ድድ ለማጽዳት ዝርዝር መመሪያ

ማታ ነው፤ መብራት ጠፍቷል። ልጄን ሚሚን ጭኔ ላይ አስተኝቼ በስልክ መብራት ጥርሷን እቦርሻለሁ። ያኔ ሦስት ዓመት ተኩል ነበረች። ስትተፋ አረፋው ነጭ አልነበረም። ሮዝ ነበር። እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ነበርና «ተዋት እንጂ! ድዷን ላጥከው እኮ!» አለችኝ። ተውኳት።

ሳምንቱን ሙሉ ብሩሽ አላስነካኋትም። እርጥብ ጨርቅ እያደረግሁ ፊት ለፊት ያሉትን ጥርሶች ብቻ ጠረግ ጠረግ አደረግሁላት። መድማቱ ግን ባሰ። ጠዋት ጠዋት አፏ መሽተት ጀመረ። ሲጨንቀኝ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ አየችና ፈገግ አለች። «ጥርሷን ደህና አድርገው ነበር የሚቦርሹላት። ድዷን ግን ጭራሽ አልነኩትም» አለችኝ።

ድድ ይቦረሻል እንዴ? እኔ አላውቅም ነበር። ከጠየቅኋቸው ጓደኞቼም አብዛኞቹ አያውቁም። ስለዚህ ያን ቀን የተማርኩትንና ከዚያ ወዲህ ያጠራቀምኩትን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ድድ ለምን ይደማል?

ጥርስ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚጋገር ለስላሳ ሽፋን አለ። በጥፍራችሁ ብትፍቁት እንደ ቀጭን ሊጥ ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። የምግብ ትርፍራፊ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ባክቴሪያ ነው። በጣም የሚወደው ቦታ ደግሞ ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት ጠርዝ ነው። ምላስም ሆነ ጉንጭ እዚያ ደርሶ አይጠርገውም።

ሽፋኑ እዚያ ሲከርም ድዱ ይቆጣል። ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ደም ይሞላዋል። እንዲህ የሆነ ድድ ብሩሽ ሲነካው ይደማል፤ ዳቦ ሲነካውም ይደማል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የብሩሹ አይደለም። ብሩሹ ቀድሞ የነበረውን ነው ያጋለጠው።

እና «ደማ» ብለን ብሩሹን ስናስቀምጥ ምን ይሆናል? ሽፋኑ ይወፍራል፤ ድዱ ይብሱን ይቆጣል። እኔ ቤት የሆነው ይኸው ነው። ደግነቱ የልጆች ድድ ቶሎ ይመለሳል። ጠርዙ በየቀኑ በደንብ ከጸዳ በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይስተካከላል። በጣም ከቆየ ግን ሽፋኑ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ታርታር የሚባለው እሱ ነው። ያንን ብሩሽ አያነሳውም፤ ሐኪም ነው የሚያነሳው።

ደረጃ 1፦ ከንፈሩን ገልጣችሁ እዩ

ከመቦረሽ በፊት ማየት ይቀድማል። በወር አንዴ፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ። የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣታችሁ ወደ ላይ፣ የታችኛውን ወደ ታች ገለጥ አድርጉ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ምንድን ነው የምታዩት? ኢንተርኔት ላይ «ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው» የሚል ብዙ ታነባላችሁ። የእኛ ልጆች ድድ ግን ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው፤ ጠቆር ያለ ወይም ዝንጉርጉር የሆነም አለ። ከቆዳ ቀለም ጋር የሚመጣ ስለሆነ በሽታ አይደለም። ጥቁር ድድ እንዲያውም በአገራችን ውበት ነበር፤ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችና አያቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አትመልከቱ፤ ቅርጹን እዩ። ደህና ድድ ጠርዙ ቀጭን ነው። በሁለት ጥርሶች መሃል ሹል ሆኖ ይገባል፤ ሲነኩት ጠንከር ይላል። የታመመው ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ድቡልቡል ይላል፣ ሲነኩት ይደማል። ልጃችሁ ላይ ከበፊቱ የተለየ ቅላት ካያችሁም ቁጠሩት።

ሌላው የምትፈልጉት ነገር ከድዱ ጠርዝ አጠገብ፣ ጥርሱ ላይ፣ እንደ ኖራ የነጣ መስመር ነው። በተለይ የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ላይ። የመበስበስ መጀመሪያ ይህ ነው። ገና አልተቦረቦረም። በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት በፍሎራይድ (የጥርስ ሳሙና ውስጥ ባለው ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) እና በጥሩ አቦራረሽ ሊቆም ይችላል። ቡናማ ሆኖ ከተቦረቦረ በኋላ ግን የሐኪም ሥራ ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን አዘጋጁ

ብዙ አያስፈልግም። ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ ብሩሽ ይበቃል። የራሱ ይሁን፤ ከታላቁ ጋር አይጋራ። ፀጉሩ ከተንጨባረረ ወይም 3 ወር ከሞላው ይለወጥ። ከተጠቀማችሁ በኋላ አጥባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት እንጂ እርጥቡን ክዳን ውስጥ አትዝጉበት።

የጥርስ ሳሙናውን (ብዙዎቻችን የየትኛውም ፋብሪካ ቢሆን ኮልጌት ነው የምንለው) ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ፍሎራይድ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ ሺህ እጅ፤ ጀርባው ላይ «ppm» ተብሎ ይጻፋል) ይሁን። «የልጆች» ተብለው ካርቱን ከተሳለባቸው ውስጥ ፍሎራይድ የሌላቸው ወይም ጥቂት ብቻ ያላቸው አሉ። ሥዕሉ አያታልላችሁ።

መጠኑ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአንድ ሩዝ ፍሬ ያህል ነው። ከ3 እስከ 6 ዓመት የአንድ አተር ፍሬ ያህል። ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር መሙላት ለልጅ አይሆንም፤ ይውጠዋልና። ቱቦውን ራሳችሁ ጭመቁ፤ ቀጥሎም እጁ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ከረሜላ ከረሜላ ስለሚል ሚሚ አንድ ቀን በጣቷ ስትልሰው ይዣታለሁ።

በስምጥ ሸለቆ የምትኖሩ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይና በመሳሰሉት፣ አንድ ነገር ጨምሩ። እዚያ ያለው የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ፍሎራይድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የአካባቢውን ጥርስ ቡናማ የሚያደርገው አለመቦረሽ ሳይሆን ይህ ነው። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ በሚጠጣው ውሃ ይበላሻል፤ ከወጣ በኋላ ቢፈትጉት አይነጣም። እዚያ ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው ልጁ የሚጠጣው ውሃ ነው። ስለ ሳሙናው የአካባቢውን ጥርስ ሐኪም ጠይቁ፤ መጠኑን ግን ፈጽሞ አታሳልፉ።

የማያስፈልጉትን ደግሞ ልዘርዝር፦ ከሰል፣ አመድ፣ ሎሚ በጨው፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ። የወተት ጥርስ ሽፋኑ ቀጭን ነው። ከሰልና አመድ ይፍቁታል፤ ሎሚ ደግሞ ያሟሟዋል።

ደረጃ 3፦ ልጁን አመቻቹት

እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችን የምንሸነፈው። ከልጁ ፊት ለፊት ቆመን እንቦርሻለን። ልጁ አንገቱን ያዞራል፣ እኛ እንከተለዋለን፣ አንድ ዙር ትግል ነው። በዚያ ላይ ምንም አይታየንም።

ከኋላ ሁኑ። አልጋ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ ቁጭ በሉ፤ ልጁ በጀርባው ተኝቶ ጭንቅላቱን ጭናችሁ ላይ ያድርግ፣ ልክ ሹሩባ እንደሚሠራለት። አፉ ከላይ ወለል ብሎ ይታያችኋል። በግራ እጃችሁ አገጩን ደግፉ፤ በጣታችሁ ከንፈሩን ገለጥ አድርጉ። ቀኝ እጃችሁ ብሩሹን ይይዛል። ልጁ ከፍ ካለ ደግሞ መስታወት ፊት ይቁም፤ ከኋላው ቆማችሁ ጭንቅላቱን ሆዳችሁ ላይ አስደግፉት።

ከሁለት ዓመት በታች ላለና ለሚወራጭ ልጅ ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል። ጉልበት ለጉልበት ተገናኝታችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ ጭኗ ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ጋደም ብሎ ጭንቅላቱ አባቱ ጭን ላይ ይረፍ። እናት እጆቹን ትይዛለች፣ አባት ይቦርሻል። ካለቀሰ ይልቀስ። ክፉ አትበሉኝና፣ ሲያለቅስ አፉ ይከፈታል።

ጥርሱን ከነከሰባችሁ ከብሩሹ ጋር አትታገሉ። ንጹሕ ጣታችሁን በጉንጩ በኩል አሾልካችሁ ከመጨረሻው ጥርስ ኋላ ያለውን ድድ ቀስ ብላችሁ ጫኑ። አፉ ራሱ ይከፈታል። ብሩሹን እየነከሰ ካስቸገረ ደግሞ ሌላ ብሩሽ እጁ ላይ ስጡት። ሁለተኛ ብሩሽ ቅንጦት መስሎኝ ነበር፤ ቤታችንን ሰላም ያደረገው ግን እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ጠርዙን ያዙ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። እስክሪብቶ እንደምትይዙ ብሩሹን በጣቶቻችሁ ያዙት። በጭብጥ የያዙት እንደሆነ ኃይል ይበዛል። የምትጫኑት ጥፍራችሁን ቢነካው የማያሳምም ያህል ብቻ ነው። ፀጉሩ ወደ ጎን ከተደፋ አብዝታችኋል ማለት ነው።

የብሩሹን ፀጉር ጥርሱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አታሳርፉት። ዘንበል አድርጉት። የላይኛው ጥርስ ላይ ከሆነ ፀጉሩ ወደ ላይ፣ ወደ ድዱ ያዘንብል፤ የታችኛው ላይ ከሆነ ወደ ታች። ገሚሱ ፀጉር ጥርስ ላይ፣ ገሚሱ ድድ ላይ ያርፋል። በዚያው ሳትለቁ ትንንሽ ክብ እየሠራችሁ አንቀጥቅጡት። የሩዝ ፍሬ የምታህል ክብ። ከሁለት ጥርስ ወደሚቀጥለው ሁለት ጥርስ ተሻገሩ። ወለል እንደሚፈትግ ሰው ወዲያ ወዲህ መጎተት ግን የለም፤ ያ ጠርዙን ይዘልለዋል፣ ድዱንም ይልጠዋል። እናቴ የፈራችው ይህን ሳይሆን አይቀርም፤ በዚህስ ልክ ነበረች።

አፉን ለስድስት ክፈሉት፦ ከላይ ቀኝ፣ መሃል፣ ግራ፤ ከታች ቀኝ፣ መሃል፣ ግራ። በእያንዳንዱ ላይ ቀስ ብላችሁ እስከ 20 ቁጠሩ። ስድስት ጊዜ 20 ሲቆጠር 120 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ጮክ ብላችሁ ከቆጠራችሁ ልጁ መቼ እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ማለቂያውን ሲያውቅ ይታገሳል። ሚሚ እስከ ሃያ መቁጠር የተማረችው አፏ በአረፋ ተሞልቶ ነው። «አስራ ሰባት» ስትል መስታወቱ አበቃለት።

በየክፍሉ ሦስት ፊት አለ፦ በጉንጭ በኩል ያለው፣ በምላስ በኩል ያለው፣ የሚታኘክበት። ሁልጊዜ የሚረሳው በምላስ በኩል ያለው የታችኛው ጥርስ ነው። ሰው ሲደክመው መጨረሻ ያደረገውን ይዘልላልና እኔ ከዚያ እጀምራለሁ። ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ ሲደርሱ ብሩሹን ቁመቱን አቁሙትና በጫፉ ጥረጉ። በመጨረሻ ምላሱን አንድ ሁለቴ ጠረግ።

ሁለት ጥርሶች ተጠጋግተው ብሩሽ በመሃላቸው የማይገባ ከሆነ የጥርስ ክር ያስፈልጋል። የኋላ ጥርሶች መሃል ላይ በተለይ። በየቀኑ ካቃታችሁ በሳምንት ሁለት ሦስቴም ጥሩ ነው። የልብስ ስፌት ክር ግን ድድ ይቆርጣል፤ ተዉት።

ደረጃ 5፦ ይትፋ፣ አይጉመጥመጥ

ሁላችንም ከቦረሽን በኋላ በውሃ ሦስት አራቴ እንጉመጠመጣለን። ልማድ ነው። ነገር ግን ፍሎራይዱ ሥራውን እንዲሠራ ጥርስ ላይ መቆየት አለበት። ልጁ አረፋውን ይትፋና ያብቃ። መትፋት የማይችለው ትንሽ ልጅ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግለት፤ የሩዝ ፍሬ የምታህለዋን ቢውጣት አትጎዳውም።

ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ለምትኖሩ ይህ የምስራች ነው። ብሩሽ ለማርጠብና ለማጠብ አንድ ሲኒ ውሃ ይበቃል።

መቼ መቼ?

በቀን ሁለቴ። አንዷን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ያለ ጥርጥር የማታዋን እመርጣለሁ። ሰው ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፤ ምራቅ ደግሞ የአፍ ጠባቂ ነው። ከማታው ብሩሽ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም የለም። ጡት ለሚጠባ ሕፃን ይህን አልልም፤ ይጥባ፤ ጥርስ ካወጣ ግን ማታና ጠዋት ይጸዳለት።

የእኛ ቤት ስህተት ሰዓቱ ነበር። እንቅልፍ ሲያዳፋት እንጀምራለን፤ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እናደዳለሁ። አሁን እራት እንደተበላ፣ ገና ሳትደክም፣ ወዲያው ነው። ሠርግ ወይም ለቅሶ ውለን ትከሻዬ ላይ ተኝታ ከመጣች አልቀሰቅሳትም። አንድ ቀን ቢዘለል ጥርስ አይወድቅም፤ ጠዋት ግን መጀመሪያ የምናደርገው እሱ ነው።

መጀመሪያ እሷ «ትቦርሻለች»፤ ከዚያ እኔ «ፍተሻ» እገባለሁ። አንዳንዴ የእኔን ጥርስ እሷ ትቦርሽልኛለች። ድዴ ላይ ያደረሰችውን ግፍ አልናገርም።

ለደማ ድድ፦ የሁለት ሳምንት ሙከራ

መድማት ካያችሁ እንዲህ አድርጉ። የሚደማውን ቦታ ለዩና ሁልጊዜ ከዚያ ጀምሩ። በለስላሳ ብሩሽ፣ በቀን ሁለቴ፣ ከላይ እንዳልኩት ጠርዙን ይዛችሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መድማቱ ሊቀጥል ይችላል፤ አትደንግጡ። ሳምንት ሲሞላው ሊቀንስ ይገባል። የሚሚ በስምንተኛው ቀን ነው አረፋው ነጭ የሆነው። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። «እስኪ እንይ ለነገም» አለች።

ልጁ ስድስት ዓመት ካለፈውና መትፋት ከቻለ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጨው አሟሙቶ መጉመጥመጥ ያስታግሰዋል። ብሩሹን ግን አይተካም። ሁለት ሳምንት በትክክል ቦርሻችሁ ካልቆመ ሐኪም ይየው።

ጥርስ ሳይወጣም ሥራ አለ

ሕፃኑ ገና ድድ ብቻ ሳለ፣ ገላውን ስታጥቡት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ንጹሕ ጨርቅ አርጥባችሁ ጣታችሁ ላይ ጠቅልሉና ድዱን ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ዋናው ጥቅሙ ልማድ ነው፤ አፉ ውስጥ እጅ መግባቱን የለመደ ልጅ በኋላ ከብሩሽ ጋር አይጣላም። የመጀመሪያው ጥርስ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር አካባቢ ይወጣል። ብሩሽ የሚጀመረው ያን ዕለት ነው፤ አንድ ጥርስም ቢሆን። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ተሟልተው የሚወጡት ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት ሲሆነው ነው።

ጥርስ ሲያወጣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ ይነጫነጫል። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይንከስ። ማደንዘዣ ጄል፣ ቅርንፉድ፣ አረቄ ድዱ ላይ አትቀቡ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ወይም ካስቀመጠውና ካስመለሰው ደግሞ «ጥርስ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። በዚያው ዕድሜ ምግብ ይጀምራል፣ መሬት ላይ ያገኘውንም ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ ግግን ሳላነሳ አላልፍም። ክራንቻው ሊወጣ ሲል ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል። ፍጹም ጤናማ ነገር ነው። ይህን «ግግ ነው፣ ተቅማጡን ያመጣው እሱ ነው» ብሎ በስለት ወይም በመርፌ ማስወጣት ዛሬም በአንዳንድ ቦታ ይደረጋል። የሚወጣው የጥርሱ ጽንስ ነው። ሕፃኑ ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ በቴታነስ ሊሞት ይችላል፤ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ስለሚደርስ ጉዳት ሲደነግግ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ይጠቅሳል። ተቅማጥ ያለበት ሕፃን የሚያስፈልገው ኦአርኤስ (በውሃ ተሟሙቶ የሚጠጣው ንጥረ ነገር) እና ጤና ጣቢያ ነው።

የጡጦ ሻይና የመልስ ከረሜላ

ስለ ስኳር ብዙ አልሰብክም፤ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛው ጡጦ ነው። ስኳር ያለው ሻይ፣ ጁስ ወይም ጣፋጭ ወተት በጡጦ ይዞ የሚተኛ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የፊት ጥርሱን ስኳር ውስጥ ዘፍዝፎ ያድራል። የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ተሸርሽረው ጉቶ የሚሆኑት በአብዛኛው በዚህ ነው። ጡጦ ይዞ ካልሆነ አልተኛም ካለ ውሃ አድርጉለት። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ተዘጋጁ፤ ጎረቤትንም ይቅርታ ጠይቁ።

ሁለተኛው የጊዜው ብዛት ነው። ከጣፋጭ በኋላ አፍ ውስጥ አሲድ ይፈጠርና ጥርሱን ግማሽ ሰዓት ያህል ይበላዋል። ከምሳ በኋላ አንድ ከረሜላ በልቶ የጨረሰ ልጅ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንዷን ሲልስ ከዋለው ይሻላል። ሱቅ ሲላክ በመልስ ፈንታ የምትሰጠው ማስቲካና ከረሜላ ሳትቆጠር በቀን አራት አምስቴ ትገባለች። ብስኩትና ቺፕስም እንዲሁ ናቸው፤ መንጋጋ ላይ ይለጠፋሉ። ጣፋጭ ሽሮፕ የታዘዘለት ልጅም ከብሩሽ በፊት እንጂ በኋላ አይውሰድ።

መፋቂያስ?

መፋቂያን አልንቅም። ወይራው በደንብ ታኝኮ ጫፉ ከተበተነ የፊት ጥርስን ያጸዳል፤ አባቴ በሰባ ዓመቱ ጥርሱ ሙሉ ነው። ለትንሽ ልጅ ግን ጭረቱ ይጠነክራል፤ ድድ ይወጋል። የኋላ መንጋጋ የውስጥ በኩል አይደርስም። ፍሎራይድም የለውም። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ቀን ቀን ይፋቅበት። ማታ ብሩሽ።

ስድስተኛው ጥርስ

ስድስት ዓመት አካባቢ ሲሆን አንድ ነገር በድብቅ ይመጣል። ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ምንም ጥርስ ስላልወለቀ ወላጅ አያውቅም። «የወተት ነው፣ ይለወጣል» ይባልና ሲበሰብስ ይታለፋል። አይለወጥም! ዕድሜ ልክ የሚኖር ነው። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጎን ቁጠሩ፤ የወተት ጥርስ በየጎኑ አምስት ብቻ ነው። ስድስተኛ ካገኛችሁ ቋሚው መጥቷል።

ሲወጣ ግማሹን ድድ ይሸፍነዋል። ከሥሩ ምግብ ይገባል፣ ያብጣል፣ ያምማል። ከጎረቤቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብሩሹ ሳይነካው ያልፋል። አፉን ገርበብ ያድርግና ብሩሹን በጉንጭ በኩል በአግድም አስገብታችሁ እሱን ብቻ ለብቻ ቦርሹት።

ብሩሽ የማይፈታው ነገር

እነዚህን ካያችሁ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ።

ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ፣ መግል የቋጠረ ነገር። ላያምመው ይችላል። ከሥሩ የተመረዘ ጥርስ አለ ማለት ነው፤ የወተት ጥርስ ቢሆንም ይታከማል።

ድንገት ትኩሳት፣ ያበጠና የሚደማ ድድ፣ ምላስና ከንፈር ላይ ቁስል፣ ምግብ እምቢ ማለት። ብዙ ጊዜ በልጅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ አዋቂ ከንፈር ላይ «ምች» የምንለውን የሚያወጣው ያው ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቅቀዋል። እስከዚያ ዋናው ነገር ፈሳሽ ነው፤ በትንሽ በትንሹ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይጠጣ። መጠጣት ካቆመ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ምች የወጣበት እንግዳ ሕፃን አይሳም። ይህን ለአክስት መንገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ንገሯት።

ከድድ መድማት ጋር ቆዳ ላይ ያለ ምክንያት በለዝ፣ ንጣት፣ ድካም ካለ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚያጣድፈው ደግሞ ይህ ነው፦ በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ከኩፍኝ የተነሣ ልጅ፣ ድዱ ቆስሎ ግራጫ ወይም ጥቁር ሲሆን፣ አፉ ክፉኛ ሲሸት፣ ጉንጩ ሲያብጥ። ኖማ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ችላ ከተባሉ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው ይህ በሽታ በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክና በምግብ ይድናል። ያንኑ ዕለት ሐኪም ቤት።

ብሩሹን መቼ ላስረክበው?

ልጁ የጫማውን ክር ራሱ አሳምሮ ማሰር ሲችል፤ ሰባት ስምንት ዓመት አካባቢ። ከዚያ በፊት እጁ ያን ትንሽ ክብ መሥራት አይችልም፤ ቢምልም አትመኑት። ካስረከባችሁ በኋላም በሳምንት አንዴ ከንፈሩን ገልጣችሁ እዩ። ከሳሎን ሆናችሁ «ቦረሽክ?» ስትሉት «አዎ!» ካላችሁ ደግሞ ተነሱና ብሩሹን ንኩት። የእኔ ወንድም ልጅ ለአንድ ወር «አዎ» ሲል የብሩሹ ፀጉር ደረቅ ነበር።